የሞተሩን ጩኸት ያልሰማው ሰው

አንድ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ነበረ። ተቀመጪ፣ ምንትዋብ፤ በሩንም ገርበብ አድርጊው። «የሚያከብሩትን ሰው ጉድለቱን በሰው ፊት መንገር ነውር ነው ወይስ ውለታ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ፊት ለፊት መመለስ አይሆንልኝም፤ ስለ ራሴ ስናገር ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ አስቀድሜ ስለዚያ ባለ መኪና ልንገርሽ።

ሰውየው ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ ብቻውን የሚኖር ነበር። ቤቱ ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ገበያ ሲወርድ ጎረቤቶቹን ይጭናል። አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ፣ ሌላም መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው። ሒሳብ አይቀበልም፤ ለእሱ ክፍያው ጨዋታቸው ነበር። ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው ስለሌለ፣ ለቀን የሚበቃውን የሰው ድምፅ የሚሰበስበው ከዚያች መኪና ነበር።

ይህ ሰው ግን ጆሮው እየደከመ ሄደ። ለማንም አልተናገረም። ሰው ሲስቅ አይቶ ይስቃል፤ ራስ ሲነቀነቅ አይቶ ይነቀንቃል። አንድ ጊዜ ሽንኩርት ነጋዴዋ የአክስቷን ሞት ስትነግረው «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ብሏት ብዙ ቀን አኩርፋዋለች። እውነቱን ያልተናገረው ኮርቶ አይደለም። «ደንቆሮ በሚነዳው መኪና ማን ይሄዳል?» ብለው እንዳይቀሩበት ፈርቶ ነው። በልቡ ግን ከሸለቆው ማዶ ላለችው ቤተ ክርስቲያን ተሳለ፤ ጆሮው ቢከፈትለት በታቦቱ ላይ የሚዘረጋ ባለ ጥልፍ ድባብ ሊያስገባ።

በዚህ መካከል መኪናዋ ታመመች። የሞተሩ ካቴና ላላ። ይህ ካቴና በሞተሩ ውስጥ ከታች የሚሽከረከረውንና ከላይ የሚከፈት የሚዘጋውን ክፍል አስተሳስሮ እኩል የሚያስኬዳቸው ነው። ሲላላ ይጮኻል። መጀመሪያ ጠዋት ሲነሳ ብቻ፣ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ይንኳኳ ነበር። ኋላ ግን መንገዱን ሙሉ መንኳኳት ጀመረ።

ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ሰሙ፤ ማንም አልነገረውም። ክፉዎች ሆነው አይደለም። «መኪናው የእሱ ነው፤ ከእኛ ቀድሞ ሳይሰማ አይቀርም» አሉ። «ዝም ያለው ማሠሪያ ገንዘብ ቢያጣ ነው። በነጻ እየጫነን፣ ጭራሽ እኛ ድህነቱን አደባባይ እናውጣበት?» ስለዚህ ሰው ሲያከብሩ የለመዱትን አደረጉ፤ እንዳልሰሙ ሆኑ። ሞተሩ ንግግራቸውን ሲውጥባቸው ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ሞተሩ በባሰበት ቁጥር እነሱም ባሰባቸው። በመጨረሻ ከኮረብታው እስከ ገበያው እየተጯጯሁ መውረድ ሆነ።

ሰውየውም ሰማቸው።

ለዓመታት ያልለየውን ቃል ከቃል ለየ። ልብስ ሰፊው ሲቀልድ የማንንም ፊት ሳያይ ሳቀ። መሪውን እንደያዘ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ጆሮዬ ተከፈተ» አለ በልቡ። ወዲያው ድባቡን አሠራ። የንግሥ በዓሉ ሲደርስም ተሳፋሪዎቹን «ስለት አለብኝ፤ አብራችሁኝ ኑ» ብሎ ለመናቸው። የምን ስለት እንደሆነ አልነገራቸውም። ቤተ ክርስቲያኑ የሚደረሰው ሸለቆውን በሚጠማዘዝ ቁልቁለት ነው፤ በአንድ ወገኑ ተራራ፣ በሌላው ገደል።

በበዓሉ ጠዋት ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰው ከደጁ ተሰበሰቡ። በቅርቡ ሰፈሩ ውስጥ ቤት ተከራይታ የገባች አንዲት ወጣት እንቁላል ሻጭም አብራ ነበረች። ከእነሱ ጋር ገና መሳፈር መጀመሯ ነው፤ ቀና ብላ ሰው አታይም፤ ስትናገርም ለነጠላዋ እንጂ ለሰው የምትናገር አትመስልም። ሰውየው ሞተሩን አስነሳ። ኮፈኑ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ጮኸ።

«እንኳን አደረሰን!» አለ ልብስ ሰፊው ጩኸቱን ለመሸፈን።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ ሰውየው ደስ ብሎት።

ሁሉም ገቡ። ወጣቷ ግን አንድ እግሯን መኪናው ላይ አድርጋ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ያጥፉት።»

ሽንኩርት ነጋዴዋ ጎኗን ጎሸም አደረገቻት። «አንቺ ልጅ፣ በሰው መኪና ተጭነሽ ደግሞ አቃቂር ታወጫለሽ?»

«ኧረ አልተጫንኩም፤ ይኸው ቆሜያለሁ።» ከዚያ ወደ ሰውየው ዞራ ጮክ አለች። «ጋሼ፣ ሞተሩ ይጮኻል። በዚህ ቁልቁለት አይወረድም።»

«የእኔ መኪና?» አለ ሰውየው። «ይቺ ድምፅ የላትም። ጠይቂያቸው።»

ልብስ ሰፊው ጫማውን ማየት ጀመረ። ሽንኩርት ነጋዴዋ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ቀጥሎም ያንኑ ነጠላ ደግማ አስተካከለች። ወጣቷ የሁሉንም ፊት አየችና ገባት።

«ጋሼ… አይሰሙም እንዴ?»

ይህን ስትል ራሷ ደነገጠችና አፏን ያዘች። የሰውየው ፊት ጠቆረ። ለዓመታት የደበቀው ነገር፣ በበዓል ቀን፣ በደጁ፣ በጎረቤቶቹ ፊት ተገለጠ። ከመኪናው ወርዶ «ሂጂልኝ» አላት።

አልሄደችም። የወንድ እጅ መጨበጥ እንኳ የምታፍረው ሴት ኮፈኑን ከፈተች፤ የሰውየውን እጅ ያዘችና መዳፉን ከሚንቀጠቀጠው ሞተር ላይ አኖረችው። ጆሮው ያልነገረውን መዳፉ ነገረው። እንደ ደህና ሞተር እኩል አይመታም፤ ይሰናከላል፣ ይንገጫገጫል፣ ደግሞ ይሮጣል። ሰውየው ለረጅም ጊዜ እጁን አላነሳም። ከዚያ ሄዶ አጠፋው።

መኪናዋን ወደ ግቢው ሊመልሳት እንደገና ቁልፉን ሲያዞር አንድ ጊዜ ጓ አለችና ቀረች።

መካኒኩ ሲፈታው ካቴናው ተስቦ ከተቀመጠበት ጥርስ ዘሏል፤ አቅፎ የሚይዘው ፕላስቲክም ተሰባብሮ ዘይቱ ውስጥ ወድቋል። ከላይ ከሚከፈቱት ከሚዘጉት ቫልቮላዎችም ሁለቱ ጎብጠዋል። ቢሆንም የተበላሸው ተለውጦ የሚድን ነበር። ቁልቁለቱ መካከል እየሮጠ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይደቅ ነበር፤ መሪውም ፍሬኑም በድንገት ይከብድ ነበር። የዚያን ሁሉ ሰው ነገር አንቺው አስቢው።

መኪናዋ ድና የወጣችበት ጠዋት ሁሉም ተሳፈሩ። ሞተሩ ጸጥ ብሏል። እነሱም ጩኸት ስለሌለ እንደ ሰው ቀስ ብለው ያወሩ ጀመር። ሰውየው በመስታወቱ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየ፤ አንድም ቃል አልሰማም። ያን ጊዜ ጆሮው እንዳልተከፈተ፣ ከቶም ተከፍቶ እንዳልነበረ አወቀ። እንደ ቀድሞው ራሱን ሊነቀንቅ ይችል ነበር። መኪናውን ዳር አቁሞ ወደ እነሱ ዞረ።

«እኔ አልሰማችሁም» አለ። «ከቆየ ብዙ ዘመኑ ነው። ከእንግዲህ ወርዳችሁ በእግራችሁ ብትሄዱ አልቀየምም። ከእኔ ጋር ከሄዳችሁ ግን ጮክ በሉልኝ።»

ልብስ ሰፊው ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለበት። «እኛ እኮ የምታሠራበት አጥተህ መስሎን።»

«እኔማ ስጮህ ጉሮሮዬ ነደደ» አለች ሽንኩርት ነጋዴዋ። «የአክስቴን ነገርም ዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ማንም አልወረደም። ወጣቷ ከፊት ወንበር፣ ከአጠገቡ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋ ክንዱን ነካ የምታደርገው እሷ ሆነች። ድባቡንም በሚቀጥለው ንግሥ አስገባ። «ጆሮህ ሳይድን ምን ስለት አለብህ?» ቢሉት፣ «የለመንኩት ጆሮ ነበር፤ የተሰጠኝ ሰው ነው። ትርፉ የእኔ ነው» አለ።

አሁን ምንትዋብ፣ እኔን እንደዚያ ሰው፣ አንቺን እንደዚያች ወጣት ቁጠሪ። ዓይኔ ከደከመ ዓመታት አልፈዋል። ለማንም ሳልናገር ተማሪዎቼን «ተነሥታችሁ አንብቡ» እያልኩ በእነሱ ዓይን አስተማርኩ። ርእሰ መምህራችን ደግሞ ይህንን እንደ ጥሩ የማስተማር ዘዴ አድርገው በስብሰባ አመሰገኑኝ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ መስመሬ ሲጣመም ባልደረቦቼ አይተዋል። አክብረውኝ ዝም አሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ዝም እል ነበር። ባለፈው ወር ግን አንቺ፣ ገና አዲስ መምህርት ሆነሽ፣ በመምህራን ክፍል፣ በሁሉ ፊት፣ «እትዬ፣ መጽሐፉን እኮ ገልብጠው ይዘውታል» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ስትሸሺኝ አላየሁም፤ እግርሽ ደጄ ድረስ መጥቶ ሲመለስ ግን እሰማ ነበር።

ያን ቀን አልቅሻለሁ፤ አልደብቅሽም። በማግስቱ ግን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የግራው ዓይኔ ከእንግዲህ አይመለስም። ለቀኙ ግን በጊዜ ደርሰሽለታል፤ በመድኃኒት ይጠበቃል አሉኝ። ዛሬ ፊትሽ ምን እንደሚመስል የማየው በዚያ ዓይን ነው።

እና ነውር ነው ወይስ ውለታ ላልሽኝ፣ ልጄ፣ ሁለቱም ነው። ነውሩን አንቺ ተሸከምሽው፤ ውለታው ለእኔ ደረሰኝ። ያከበሩኝ ሁሉ አብረውኝ ወደ ገደሉ ሊወርዱ ነበር፤ አንቺ እጄን ይዘሽ ሞተሩ ላይ አኖርሽው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሰኞ ለተማሪዎቼ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ብቻዬን ግን አፍራለሁና አብረሽኝ ግቢ።