የይማም መኪና ጭስ

በአንድ ወቅት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ማሽላና ጨው የሚያመላልስ ይማም የሚባል ሾፌር ነበር። የመኪናው የጭስ ቧንቧ ከጋቢናው ሥር ዝጎ ተበስቶ ነበር። አዲስ መግዛት ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት በቆርቆሮና በሽቦ እየጠቀለለ ይሠራበት ነበር። አንድ የክረምት ቀን ጎርፍ መንገዱን ዘጋበት። ብርድ ስለያዘው መስኮቱን ዘግቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ጋደም አለ። ጎርፉ ሲጎድል ከኋላው የቆሙት ሾፌሮች ጥሩምባ ቢነፉ አልነቃም። ጭሱ ገድሎታል።

ሚስቱ ዘምዘምና ሦስቱ ልጆቹ ቀበሩት። ከአራቱ አንዳቸውም አላለቀሱም። ለቀስተኛው ተገረመ፤ እነሱ ግን እንባው ከየት እንደሚመጣ ጠፋባቸው።

ታናሹ ይመር በያጅ ነው። በቀብሩ ማግስት ከለቅሶው ድንኳን ተነስቶ መኪናው ሥር ገባ። «የአባቱ አፈር ሳይደርቅ!» አለ ሰው። እሱ ግን ከተጣለ አውቶቡስ ቧንቧ ቆረጠ፤ ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ከወዳደቀ ላሜራ ጠቅልሎ በየደ፤ ጭሱም በጋቢናው ሥር መሄዱ ቀርቶ በኋላ በኩል ሽቅብ ወጥቶ ከጣሪያው በላይ እንዲተነፍስ አደረገው። ቧንቧውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ብረት ግን ተሰንጥቆ አገኘው።

«ይሄ በብየዳ አይድንም፤ መግዛት ነው» አለና መዶሻውን አስቀመጠ።

እህቱ ጦይባ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ያሠራላትን የአንገት ወርቅ አውልቃ ሸጠች፤ ብረቱን ገዝታ ይመር እግር ሥር አኖረችው። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሽማግሌ ላኩ።

«ወርቁን ምን አደረግሽው?»

«መኪናው ሥር ነው ያለው።»

ሠርጉ ፈረሰ። እናቷ «አልከፋሽም ወይ?» ብትላት፣ «እንጃ እማዬ፣ ገና አልተሰማኝም» አለቻት።

ሥራው አለቀ። ዘምዘም ግን «ዳግመኛ እንደማይገድል ካላየሁ ማናችሁም አትነዱትም» ብላ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። መኪናው ደጅ ቆመ፤ ቤት ውስጥ እህል አለቀ።

ታላቁ አሊጋዝ የአባቱ ረዳት ነበር፤ ያን ቀን አሞት ባይቀር አብሮ በሞተ ነበር። እስካሁን አንዲት ብሎን እንኳ አላጠበቀም። አንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እናቱን ቁልፉን ጠየቃት። «እኔ አሳይሻለሁ» አላት። ሰጠችው። ጋቢና ገባ፣ ከውስጥ ቆለፈ፣ መስኮቶቹን ዘጋ፣ ሞተሩን አስነስቶ አባቱ በተኛበት ጋደም አለ። ያኔ ለእናቱ ገባት። መስታወቱን በሁለት እጇ ደበደበችው፤ ይመር በሩን ሊሰብር ብረት አነሳ። አሊጋዝ ከውስጥ እጁን ነቀነቀ፤ ተዉኝ ማለቱ ነው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ለአስር ሶላት ሲጣራ በሩን ከፍቶ ወረደ።

«ጭስ የለም» አለ።

«አልፈራህም?» አለው ይመር።

«ብፈራማ ደስ ባለኝ።»

ብዙም ሳይቆይ አንድ የእህል ነጋዴ መጣ። «ባለመኪናው ማነው? የምዋዋለው ከአንድ ሰው ጋር ነው።» ሦስቱም ወደ እናታቸው ዞሩ። ዘምዘም «የሦስት ሰው መኪና ዘይት የሚለውጥለት አያገኝም። የአንዳችሁ ይሁን፤ የማን እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም» አለች።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ያለ ይመር ወርቁ ከንቱ፣ ያለ ጦይባ ብየዳው ከንቱ፣ ያለ አሊጋዝ ሁለቱም ከንቱ ነበር። ደግሞ ይመር ያደረገው እጁ የለመደውን ነው የሚል አለ፤ ወርቁ የሌላ ሰው ነበር የሚል አለ፤ መኖሩ ግድ ያልሰጠው ሰው ነፍሱን ሰጠ አይባልም የሚልም አለ። መኪናው ለማን ይገባል?