አህያ ያጸደቀው ውል

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይስማ፤ ጆሮው የረዘመ ደግሞ አብዝቶ ይስማ።

አንበሳ ከትልቁ ግምጃ ቤት ለየሸለቆው ጨው ያድል ነበር። የአንዱ ሸለቆ ሹም ጦጣ ታዲያ ማንንም ሳታማክር ከአንበሳ ጋር ትዋዋል ነበር። ይሄ ያንገበገበው የሸለቆው አፈ ጉባኤ አህያ «ምክር ቤቱ ሳያየው የሚጸና ውል የለም!» እያለ ሰባት ክረምት አናፋ። በመጨረሻ ውል ሁሉ በምክር ቤቱ ይጽደቅ የሚል ሕግ ወጣለት።

ጦጣም ከአንበሳ ጋር የምትዋዋለውን ረጅም የጨው ውል ይዛ መጣች። «ይኸው፣ የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ይመርምሩት።»

አህያ ገለጥ ገለጥ አደረገና ግንባሩን ቋጠረ። «የእኔ ስም የታለ? ስሜ ከላይ ካልተጻፈ አናጸድቅም!»

«ምን ገዶኝ! በየትኛው ገጽ ልጻፈው?»

«በፈለግሽው! ብቻ ከሁሉም በላይ ይሁን።»

ጻፈችለት። አህያ ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበና በሰኮናው አተመ። ጉባኤው አጨበጨበ።

ጨው የሚወሰድበት ቀን ሲደርስ የግምጃ ቤቱ ዘበኛ ጅብ ውሉን ገልጦ «ጨው ተሸካሚዎች» የሚለውን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበ። የመጀመሪያው ስም የአህያ ነበር።

አህያ ጎብጦ ዳገቱን ሲወጣ ጥንቸል አየችውና አዘነችለት። «ጌታዬ፣ ውሉን ሳያነቡ ነው እንዴ ያጸደቁት?»

«ምን ማለትሽ ነው? ስሜን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ!»

ተረቴን መልሱ፤ ጨዉንም ከጀርባዬ አውርዱልኝ።