ሰባቱ ገምጋሚዎችና ገጽ ዘጠና አራት

አንድ ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ደምለው የሚባል ተመራማሪ ስድስት ዓመት የደከመበትን ጥናት ይዞ ሰባት ገምጋሚዎች ፊት ቀረበ። ሲቀርብ ይኼ ሁለተኛው ነው፤ ሦስተኛ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ከወደቀ ስድስቱ ዓመት በነው ይቀራሉ፤ በሚያስተምርበት ኮሌጅ የተጠበቀለት ቦታም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሚስቱ ጠዋት ሸሚዙን እየተኮሰች «ዛሬ እንኳ ምላስህን ያዝ» ብላዋለች። እሱም እሺ ብሏል። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ዶክተር ሸዋንግዛው ናቸው። እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም። ስለ ኮምፒውተር ብትጠይቋቸው ያውቃሉ፣ ስለ ንብ ርባታ ብትጠይቋቸው ያውቃሉ፣ ባትጠይቋቸውም ይነግሯችኋል። ራሳቸው ሙልጭ ያለ መላጣ ነው። መልስ ሲጠፋቸው ቀኝ እጃቸውን ሽቅብ ይሰዱና መላጣቸውን ያሹታል። እሳቸው ግን «መልስ ጠፍቶኝ አያውቅም፣ የማሸው ሙቀት ሆኖብኝ ነው» ይላሉ።

የቀሩት ስድስቱም የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ እግዜር ያሳያችሁ። ደምለው ኮሪደር ላይ አንድ በአንድ ሲያገኛቸው ስድስቱም «ጥናትህ ግሩም ነው፣ በርታ!» ብለውታል። አዳራሽ ሲገቡ ግን ሦስቱ በሰብሳቢው ቀኝ፣ ሦስቱ በግራ ይደረደራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ነገር ነው። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። ሰብሳቢው እጃቸውን ሲያወጡ አጠገባቸው የተቀመጡት ዶክተር ቸኮል ያወጣሉ፣ ከዶክተር ቸኮል ቀጥሎ ያሉት ዶክተር ቸኮልን አይተው ያወጣሉ፣ እንዲህ እያለ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ይሄዳል። በግራም እንደዚያው። ጥያቄውን መስማት ግዴታ አይደለም፤ የጎረቤትን እጅ ማየት ይበቃል። ደምለው ባለፈው ዓመት የወደቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሦስት ሰከንድ እንኳ አልፈጀም።

«ቀጥል!» አሉ ዶክተር ሸዋንግዛው። «አጭር አድርገው። እኛ ስለምናውቀው ለራስህ ያህል አስረዳ።»

ደምለው ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። «ጥናቴ ሦስት ነገር ይዟል። አንደኛው ስለ አስተማማኝነት ነው። አንድ አምፖል አንዳንዴ ይቃጠላል። ሰባት አምፖል በየራሱ ገመድ ብንሰቅል ግን ሰባቱም በአንድ ጊዜ ተቃጥለው ክፍሉ ይጨልማል ማለት ዘበት ነው። በቁጥር የተረጋገጠው ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ነው።»

«ይኼ የታወቀ ነው» አሉ ሰብሳቢው።

«የታወቀ ነው» አሉ ዶክተር ቸኮል። የቀሩትም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሁለተኛው ሴሉላር አውቶማታ የሚባለው ነው። የሒሳብ ደብተር ላይ ያሉትን ትንንሽ ካሬዎች አስቧቸው። እያንዳንዱ ካሬ ስለ ጠቅላላው ደብተር ምንም አያውቅም። ጎረቤቱን ብቻ አይቶ ይጠቁራል ወይም ይነጣል። አንዱ ሲጠቁር ቀጣዩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ሌላው…»

«እንዴት ያለ የሞኝ ሥርዓት ነው!» ብለው ሳቁ ዶክተር ቸኮል። «ራሱን ችሎ የማያስብ ነገር ምን ይጠናል?» ይህን ብለው ወደ ሰብሳቢው ዞር አሉ። ሰብሳቢው ሲስቁ ስድስቱም ሳቁ፤ ከመሃል ተነስቶ ወደ ሁለቱም ጫፍ በቅደም ተከተል።

ደምለው ምላሱን ያዘ። ሚስቱ ብታየው ትኮራበት ነበር።

«ሦስተኛው ዳታ መጭመቅ ነው። ትልቅ ፋይል ምንም ሳይጎድልበት ትንሽ ይሆናል፤ በኋላ ሲፈታ እንደነበረ ይመለሳል።»

«ወሬ!» አሉ ዶክተር ሸዋንግዛው ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «እዚሁ አሳየን። የኛን የግምገማ ጽሑፍ ጨምቅ። ሰባታችን በየቤታችን፣ በየራሳችን ጭንቅላት፣ ሳንነጋገር የጻፍነው ነው። ሰባት ምሁር እያንዳንዱ አራት አራት ገጽ። ይኼን ዕውቀት የሚጨምቅ ማሽን አልተፈጠረም።»

ቃለ ጉባኤ የሚይዙት ወይዘሮ የውብዳር ሰባቱን ጽሑፍ በፍላሽ ሰጡት። እኚህ ሴትዮ በዚያ አዳራሽ ሃያ ዓመት እጅ ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ ከሰባት በታች ቆጥረው አያውቁም። ደምለው ፍላሹን ሰካና ቁልፍ ተጫነ። ሁሉም ግድግዳው ላይ የበራውን ስክሪን ማየት ጀመረ።

ሃያ ስምንት ገጽ ገባ። አራት ገጽ ከሩብ ወጣ።

«አየህ!» ብለው ተነሱ ዶክተር ሸዋንግዛው። «ሃያ አራት ገጽ ዕውቀት በላብን! ጥናትህ ይኼ ነው እንግዲህ! የስድስት ምሁር ሐሳብ የት አባቱ ገባ?»

«አልጠፋም፣ ዶክተር» አለ ደምለው በትሕትና። «ፕሮግራሙ አንዴ ያየውን ነገር ደግሞ ሲያገኘው "እንደላይኛው" ብሎ ያልፋል። አራቱ ገጽ የእርስዎ ጽሑፍ ነው። ከዚያ በታች ስድስት ጊዜ "እንደላይኛው" ብሏል። ሩቧ ገጽ ስማችሁና ፊርማችሁ ነች።»

ዶክተር ቸኮል መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር፤ ቀጣዩም መነጽሩን አወለቀ።

«የተማሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ቢያስቡ ምን ይደንቃል?» አሉ ሰብሳቢው። «እውነት አንድ ነው!»

«ልክ ነው» አለ ደምለው። እዚህ ላይ ምላሱ አመለጠችው። «እኔን የቸገረኝ የግምገማችሁ አራተኛ ነጥብ ነው። ሰባታችሁም "በገጽ ዘጠና አራት ላይ ያለው ሥዕል ግልጽ ስላልሆነ ጥናቱ ሊያልፍ አይገባም" ብላችኋል።»

«ታዲያስ! ግልጽ አይደለማ!»

«ጥናቴ ሰማንያ አንድ ገጽ ነው።»

ዶክተር ቸኮል ፊታቸው ያለውን ጥራዝ አንስተው ይገልጡ ገቡ። ሰማንያ ላይ ደረሱ፣ ሰማንያ አንድ ላይ ደረሱ፣ ከዚያ ሽፋኑን ገልብጠው ከጀርባው ፈለጉ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ዶክተር ሸዋንግዛው አምና ለሌላ ተመራማሪ የጻፉትን ግምገማ ስሙን ብቻ ቀይረው ነበር ያቀረቡት። ስድስቱ ደግሞ የሳቸውን ወስደው ስማቸውን ጻፉበት። ጥናቱን ገልጦ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። የሰው ስድስት ዓመት ላይ እንዲህ ይቀለዳል!

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ዶክተር ሸዋንግዛው ግን የሚያውቁ ሰው ናቸውና ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ስማ! ራስህ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ምን አልክ? አንዱ ሊበላሽ ይችላል፣ ሰባቱ በአንድ ጊዜ ይበላሻሉ ማለት ግን ዘበት ነው አላልክም? አንድ ምሁር ሊሳሳት ይችላል። ሰባት ምሁር በአንድ ጥያቄ ላይ በአንድ ላይ ሊሳሳት አይችልም! በራስህ ጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ ገጽ ዘጠና አራት አለ። የደበቅኸው አንተ ነህ!»

«እኔ ያልኩት በየራሱ ገመድ ከተሰቀለ ነው…»

«በቃ! ወይዘሮ የውብዳር፣ ይጻፉልኝ። ሰባት ምሁር በአንድ ላይ ሊሳሳት አይችልም። ቃል በቃል!»

ወይዘሮ የውብዳር ቃል በቃል ጻፉ።

«አሁን ድምፅ ይሰጥ። እንደ ሥርዓቱ መጀመሪያ ይለፍ የሚሉትን ይጠይቁ፣ ቀጥሎ ይውደቅ የሚሉትን። ቶሎ እንገላገል።»

ደምለው የሚሆነውን ያውቀዋል። ይለፍ ሲባል እጅ አይወጣም፤ ይውደቅ ሲባል ሰባት እጅ በሦስት ሰከንድ ይወጣል። ሚስቱ ትዝ አለችው፣ የተተኮሰው ሸሚዝ ትዝ አለው። ቀና ሲል ግን ስድስቱ ገምጋሚዎች ጎረቤት ጎረቤታቸውን እያዩ ለመነሳት የተዘጋጀ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አየ። ፊት የሚያይ የለም፣ ጥያቄ የሚሰማ የለም። ስድስት ዓመት ያጠናው ነገር ቁጭ ብሎ ያየዋል።

«ጥናቱ ይለፍ የምትሉ?» አሉ ወይዘሮ የውብዳር።

«ዶክተር» አለ ደምለው ለስለስ ብሎ፣ «የደበቅሁት ሥዕል የምን ሥዕል ነበር?»

ዶክተር ሸዋንግዛው አፋቸውን ከፈቱ። መልስ የለም። ቀኝ እጃቸው እንደ ልማዱ ሽቅብ ወጥቶ መላጣቸው ላይ አረፈ።

ዶክተር ቸኮል እጃቸውን አወጡ። ቀጥለው ያሉት አወጡ። የጫፉ አወጣ። በግራም ሦስቱ ተከታተሉ። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ወይዘሮ የውብዳር በእርሳስ እየጠቆሙ ቆጠሩ። «ሰባት። በሙሉ ድምፅ አልፏል።» ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት።

«ምን አልፏል!» ብለው ጮኹ ዶክተር ሸዋንግዛው። «እኔ ራሴን ነው ያሸሁት! የኔ አይቆጠርም!»

«ይቀነስልዎት፣ ዶክተር» አለ ደምለው ወረቀቱን እየሰበሰበ። «ስድስት ይሁን። ስድስት ምሁር በአንድ ጥያቄ ላይ በአንድ ላይ ተሳስቷል ካሉ ግን፣ መጀመሪያ ቃለ ጉባኤው ላይ ያስጻፉትን ያሰርዙ፤ እሱ ሲሰረዝ ገጽ ዘጠና አራትም አብሮ ይሰረዛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶክተር ሸዋንግዛው ስብሰባ የሚመሩት ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ነው፤ ስድስቱም እንደዚያው።