የአያ ጅቦ ባለ ጥርስ ጎማ

አንድ ጊዜ፣ አስፋልት እስከ ጫካው ደጃፍ በዘለቀበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚባል ሆዳም አባወራ ነበር። ሚስቱን፣ ልጆቹንና አማቱን አጭቆ የሚጭን አንድ ትልቅ የቤት መኪናም ነበረው። ታዲያ የመኪናው ጎማ አርጅቶ፣ ጥርሱ አልቆ እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ሆነ። ካፊያ በጣለ ቁጥር መኪናው እየተንሸራተተ ቦይ ይገባ ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ ጅቢት በሩ ላይ ቆመች።

«ስማኝ፤ ዛሬ ጎማ ሳትቀይር እንዳትመጣ። ስትመርጥ ደግሞ ልብ ብለህ ምረጥ። ልጆቹን የማይቀሰቅስ፣ የእናቴን ወገብ የማያንገጫግጭ፣ ለስላሳ ጎማ ይሁን!»

አያ ጅቦ «የማይቀሰቅስ፣ የማያንገጫግጭ፣ ለስላሳ» እያለ እንደ ጸሎት እየደገመ ጎሚስታው ቀበሮ ዘንድ ሄደ። ቀበሮ ለጭቃና ለድንጋይ መንገድ የተሠራ፣ ጥርሱ ቡጢ የሚያክል፣ ገዢ አጥቶ የከረመ ጎማ ነበረው። ጅቡን ከሩቅ ሲያይ የጎማውን አቧራ በጅራቱ ጠረገ።

«ለስላሳና ዝምተኛ ጎማ ፈልጌ ነበር» አለ አያ ጅቦ።

«ምነው ጌታዬ! ዝምተኛ ጎማማ ለጥንቸል ነው። እርስዎን የሚያህል አውሬ እንደ ሌባ ሾልኮ ሊገባ ነው? ይልቅ የዚህን ጥርስ ይመልከቱ! መንገዱን እየነከሰ ነው የሚሄደው።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «እውነት ይነክሳል?»

«ይቆረጥማል እንጂ!»

መቆርጠም የሚለው ቃል በጅብ ጆሮ ከገባ ሌላው ሁሉ ይወጣል። ያ ሲደግመው የመጣው ጸሎት ብን ብሎ ጠፋ። አያ ጅቦ ጎማውን አስገጥሞ እየፎከረ ተመለሰ።

በማግስቱ የአማቱ ወንድም ሰንጋ ጥሎ እህቱን ከነቤተሰቧ ጠርቷት ነበርና ሁሉም ተሳፈሩ። መኪናው አስፋልት ላይ ወጥቶ ፈጠን ሲል ጎማው እንደ ወፍጮ ቤት አጓራ። ልጆቹ አለቀሱ። አማቲቱ ትራሳቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

«አቁም!» ብላ ጮኸች ጅቢት።

አያ ጅቦ «ግሩም!» ያለችው መሰለውና ደስ ብሎት ነዳጁን ረገጠ። ወዲያው መኪናው አንድ ጉብታ ላይ ዘለለ፤ የኋላው በር ተከፈተና አማቲቱ ከነትራሳቸው ተንከባለው ሣር ላይ አረፉ።

«እናቴ ወደቀች!»

«ወደደች? መውደድማ አለባት!» አለና አያ ጅቦ ጭራሽ ባሰበት።

ድግሱ ቤት ሲደርሱ የሰንጋው ሽታ አፍንጫውን ሳበው። ጋባዡ ግን በሩ ላይ እጁን ዘረጋ።

«እህቴስ?»

አያ ጅቦ ዞሮ አየ። ጅቢት ፊቷን በእጇ ሸፍና ታለቅሳለች፤ የአማቱ ቦታ ባዶ ነው። ያን ጊዜ «ወደደች» ብሎ የሰማው «ወደቀች» እንደነበር ገባው።

«እህቴ ሳትቀመጥ ከዚህ ሥጋ ቁራጭ የሚነካ የለም!» አለ ጋባዡ።

ሁሉም ሊፈልጓቸው ሲነሡ አንዲት መኪና ድምፅ ሳታሰማ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። የምትነዳው አህያ ናት። ጅቦቹን ስታይ በሯን ቆለፈች። ከኋላዋ አማቲቱ ትራሳቸውን ተደግፈው ያንኮራፋሉ።

«ሣር ላይ አግኝቻቸው ነው» አለች አህያ ከመኪናዋ ሳትወርድ በመስኮቱ። «ትቻቸው እንዳልሄድ አንጀቴ እንቢ አለኝ።»

«ጎማሽ ለምን አይጮኽም?» አለ አያ ጅቦ።

«ልጆቼን ይዤ ጎማ ቤት ሄጄ፣ እነሱን ከኋላ አስቀምጬ አስፋልት ላይ ሞከርኩት። ሲተኙልኝ ገዛሁ።»

ጅቦቹ ግን ጎማውን ትተው የአህያዋን ሽንጥ እያዩ ከንፈራቸውን መላስ ጀመሩ። አማቲቱ ነቁ።

«ይህቺን አህያ የሚነካ በእኔ ይምጣ! ከእንግዲህ ይህን የታመመ ወገቤን ይዤ የምሄደው በእሷ መኪና ነው!» አሉ። ጅቦቹ ምራቃቸውን ውጠው ወደ ሰንጋው ዞሩ።

አያ ጅቦ በነጋታው ቀበሮ ላይ ደነፋበት። «ጎማህ ይጮኻል!»

«ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ! መድኃኒቱ እኮ አለኝ» አለ ቀበሮ፤ ሁለት እፍኝ ጥጥ አውጥቶም በጆሮዎቹ ወተፈለት።

ዓለም ጸጥ አለች። አያ ጅቦ ቀበሮን አመስግኖ በገበያ ቀን ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ ነዳ። የሚጮኽ ልጅ የለም፤ የምትቆጣ ሚስት የለችም። አንድ ጊዜ ብቻ የፍየል መንጋ መንገድ ዘግቶበት ቆም አለ። መንጋው ሲያልፍ ጉዞውን ቀጠለ።

ገበያው ዳር ሲደርስ ሞተሩን አጠፋና በኩራት «አያችሁ? ዛሬ ማንም አላጉረመረመም!» ብሎ ዞረ።

መኪናው ባዶ ነበር። ፍየሎቹ ሲያልፉ ሁሉም ወርደው ሄደዋል። አያ ጅቦ አፉን እንደከፈተ፣ የአህያ መኪና በአጠገቡ እልም ብላ አለፈች፤ ጅቢት ከፊት ተቀምጣለች፣ አማቲቱና ልጆቹ ከኋላ ተደጋግፈው ተኝተዋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ለቤተሰብ የሚሆነውን ዕቃ አብረውት የሚጠቀሙበትን ሳይጠይቅ ለጉራው ሲል የሚመርጥ፣ በመጨረሻ ከጉራው ጋር ብቻውን እንደሚጓዝ ነው።