ዘጠኙ የእባብ እንቁላሎች

አንድ የጎተራ ጠባቂ ነበር፤ ስሙ ደርቤ ይባላል። ቆላ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ፣ የነዋሪው ሁሉ የዘር እህል የሚቀመጠው እሱ ዘንድ ነው። እህሉን ከአይጥ የምትጠብቅለት ደግሞ ሸጋ የምትባል፣ መርዝ የሌላት እባብ ነበረች። ሌላው ሰው በድመቱ ሲመካ እሱ በሸጋ ይመካል።

ሸጋ በጥር ወር ዘጠኝ እንቁላል ጣለች፤ ሳምንት ሳይሞላት በሬ ረገጣትና ሞተች። ደርቤ አለቀሰ። ለእባብ ያለቀሰ ሰው በከተማዋ እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አይጦቹ ግን ሐዘን አላከበሩም፤ በሦስተኛው ቀን አንድ ጆንያ ማሽላ ቀደዱ። በሰኔ የሚዘራ ነገር እንዲገኝ ከተፈለገ እነዚያ እንቁላሎች መፈልፈል ነበረባቸው።

ደርቤ አልሰጋም። ጫጩት በማስፈልፈል ስም ያወጣ ሰው ነው። የታቀፈች ዶሮ ብትሞትበት እንኳ፣ እሷ በመንቁሯ እንደምታደርገው እንቁላሎቹን በእጁ እያገላበጠ ጫጩት ያወጣል። የሸጋንም እንቁላሎች ከተጣሉበት አንስቶ፣ ከሸክላ ሠሪዋ ከእማማ ትርንጎ በገዛው ጋን ውስጥ ገለባ ጎዝጉዞ አስቀመጣቸው። ከዚያ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያገላብጣቸው ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ሻገተና ሸተተ። በማግስቱ ሌላው ተከተለ። ደርቤ እንክብካቤዬ አንሶ ነው ብሎ ማገላበጡን በቀን አምስት ጊዜ አደረገው። ብዙም ሳይቆይ የሞቱት አራት ደረሱ። ከቀሩት ደግሞ አንዱ ጎኑ ሰርጎድ አለ።

በዚያች ከተማ ክፉ ነገር ሲደርስ በሸክላ ሠሪ ማሳበብ የቆየ ልማድ ነው። ደርቤም የገበያ ቀን ጠብቆ፣ ሰው በተሰበሰበበት እማማ ትርንጎ ፊት ቆሞ ጮኸ። የእናቱ እኩያ ናቸው፤ ግን ሸክላ ሠሪ ስለሆኑ “እርስዎ” ብሏቸው አያውቅም።

“ከዘጠኙ የሸጋ እንቁላሎች አራቱ ሞቱ! ጋንሽ ነው የጨረሳቸው። ምን አድርገሽበት ነው የሸጥሽልኝ?”

እማማ ትርንጎ ከጭቃቸው ቀና አሉ። “ከተጣሉበት ስታነሳቸው ወደ ላይ የነበረው ጎናቸው ዛሬም ወደ ላይ ነው?”

“እንዴት ይሆናል? በቀን አምስት ጊዜ እያገላበጥኳቸው!”

“ልጄ፣ ጭቃ የምቆፍርበት ወንዝ ዳር እባብ በየዓመቱ እንቁላል ትጥላለች። በዶማዬ የገለበጥኩት ሲበላሽ፣ እንዳለ የተውኩት ሲፈለፈል ስንት ዘመን አየሁ! ዶሮ ታገላብጣለች፤ እባብ አታገላብጥም። ውስጥ ያለው ነፍስ ከላይኛው ቅርፊት ጋር ተጣብቆ ነው የሚያድገው። ስትገለብጠው ይታፈናል።”

ደርቤ መሬት መሬት አየ። “እንግዲያው የገደልኳቸው እኔ ነኛ” አለ።

እኔ ብሆን ጭቃውን ፊቱ ላይ ወርውሬ ሥራዬን እቀጥል ነበር። እማማ ትርንጎ ግን እጃቸውን ታጠቡ። “አምስት ቀርቷል አይደል? እንሂድ” አሉ።

ጎተራው እንደደረሱ በየእንቁላሉ አናት ላይ በከሰል ምልክት አደረጉ። “ይህ ምልክት ከዛሬ ጀምሮ ከላይ አይነሳ። ይኼኛው የሰረጎደው ገለባው ደርቆበት ነው። ዙሪያውን እርጥብ አሸዋ ጨምርለት፤ ውሃ ግን እንቁላሉ ላይ እንዳታፈስ። በቀን አንዴ አይተህ ክደን። በተረፈ እጅህን ሰብስብ።”

ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ለደርቤ ከሁሉ ከበደው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጋኑን እየዞረ ይውላል። የሰረጎደው እንቁላል ቀስ በቀስ ሞላ። አንዱ ግን ቀድሞ ተጎድቶ ኖሮ አልተረፈም። በመጋቢት አንዱ ቅርፊት ተሰነጠቀና ትንሽ ራስ ብቅ ብላ እዚያው ቀረች። ደርቤ እየሮጠ ሄደ።

“እማማ፣ ቀኑን ሙሉ አልወጣም! ልጎትተው?”

“ተወው፤ አስኳሉን እየጨረሰ ነው። በራሱ ይውጣ።”

በማግስቱ ወጣ። አራቱም ወጡ። ሸጋ ልትገባበት ወዳልቻለችው ጠባብ የአይጥ ጉድጓድ ሁሉ እየገቡ የአይጦቹን ልጆች ለቀሙ። ሰኔ ሲገባ ከተማዋ የምትዘራው አላጣችም።

ደርቤ ያን ጊዜ የጮኸበት ቦታ በገበያ ቀን ተመልሶ ቆመ። “እዚህ ቆሜ ጋኑ ነው ብዬ ነበር። የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ የቀሩትን ያዳኗቸው እማማ ትርንጎ ናቸው። ዘንድሮ የዘራ ሰው ሁሉ የእሳቸው ውለታ አለበት” አለ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። “እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለሸጋም ልጆች፣ ለእኔም።”

እማማ ትርንጎ እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። “ጋኑስ?” አሉ ፈገግ ብለው። “ደህና ጋን ነው አይደል?”

ወዳጄ፣ ደርቤ እንቁላሎቹን የጎዳው በስንፍና አይደለም፤ በሚያውቀው መንገድ ብቻ በመንከባከቡ ነው። እኛም አንዱን ልጅ ባሳደግንበት መንገድ ሌላውን ስናገላብጥ እንውላለን፤ ሲበላሽብን ጋኑን እንከሳለን። የሚበጀውን የሚነግረን ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰላም ሳንለው የምናልፈው ጎረቤታችን ነው። አንድ ቀን እጅህን ሰብስብ ብሎ ከጥፋት ያዳነህ ሰው አለ? በሰው ፊት አመስግነኸዋል?