የፊታውራሪ ብልህ ዓሣዎች

ዓሣ አጥማጁ ከአባቱ የወረሰው በደንገል ታንኳ ብቻ የሚደረስበት አንድ ሩቅ የሐይቅ ወሽመጥ ነበር፤ በልጅነቱ ከረኀብ ያተረፈውም እሱ ነው። የአገሩ ጌታ ፊታውራሪ ድንበሩም በሐይቁ መካከል ካለው ደሴት ማዶ የራሳቸው ወሽመጥ ነበራቸው፤ ሌላ ሰው መረብ እንዳይጥልበት ከልክለዋል። አንድ ጊዜ እዚያ ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን ሲያጠምዱ ሰነበቱና አንድም ሳይዙ፣ ርቧቸው ወደ አጥማጁ ሰፈር መጡ። እሱም ከወሽመጡ ያወጣውን ዓሣ ጠብሶ አቀረበላቸው።

እየበሉ ጠየቁት፤ «ለመሆኑ ዓሣው የሚሻለው የማን ወሽመጥ ነው? የኔ ካልክ ተደብቀህ ገብተህ ቀምሰሃል ማለት ነው፤ ትገረፋለህ። ያንተ ካልክ ደግሞ የተሻለው የሚገባው ለጌታ ነውና እወስደዋለሁ።»

አጥማጁ እሳቱን ቆሰቆሰ።

«የእርስዎ ይሻላል፣ ጌታዬ።»

«በምን አወቅህ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ እርስዎን ከመሰሉ ጌታ ያመለጠ ዓሣ ምን ያህል ብልህ እንደሆነ ሳልቀምሰውም አውቃለሁ። የኔዎቹ እንደ ባለቤታቸው ሞኞች ናቸው፤ ይኸው እጅዎ ገቡ።»

ፊታውራሪ አጥንቱን አስቀምጠው ጣታቸውን ላሱ።

«ወሽመጡ ባንተው ይቅር» አሉ። «አሁን ግን ከሞኞቹ አንድ ጨምርልኝ።»