ዘጠኝ ልጆች፣ አንድ ስህተት

ከድሮ ጀምሮ ነጋዴ በማይጠፋባት በአንዲት አሮጌ ከተማ፣ ከገበያው ቁልቁል ባለው የድሃ ሰፈር፣ ሸህ ሙስባህ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። የከተማዋን ስም ማወቅ የፈለገ ይቅርበት፤ ሰዎቿ ሲወደሱ ያፍራሉ። ሸሁ ጧት ጧት ኮፊያ እየሰፉ ይኖራሉ። በሚራስ፣ ማለትም በውርስ ክፍፍል ዕውቀት፣ በዚያ አካባቢ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ዱላ ተማዝዘው የመጡ ወንድማማቾች ከፊታቸው ተቀምጠው፣ ድርሻቸውን ሰምተው፣ ተቃቅፈው ይመለሱ ነበር።

የእኔ ወሬ ግን ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ስለሚሠሩት ሥራ ነው። አስጠኚ መቅጠር የሚችል ሰው ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አስጠኚው በር ላይ ይጠብቀዋል። የተሸካሚን፣ የልብስ አጣቢንና የከሰል ቸርቻሪን ልጅ ግን የሚጠብቀው የውሃ ባልዲ ነው። ሸህ ሙስባህ ይህ ከነከናቸው። ወላጆችን አንድ በአንድ ለምነው ከዓስር እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለውን ጊዜ ለልጆቹ አስለቀቁና በመስጂዱ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ዘረጉ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ለአላህ ብለው አስተማሩ።

ክፍልፋይን የሚያስተምሩት በሚያውቁት መንገድ ነበር። «አንድ ሰው ሞተ» ይላሉ፤ «ሚስትና ልጆች ተወ። የሚስቲቱ ስንት ነው?» ልጆቹ «አንድ ስምንተኛ!» ብለው ይጮኻሉ። በዚያ በረንዳ ላይ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሰው እንደ ሞተ አላህ ይወቀው! የሰፈሩ ልጆች ግን በክፍልፋይ ማንም አይደርስባቸውም ነበር።

ከልጆቹ ሁሉ ቀልጣፋዋ የተሸካሚው የሙዘሚል ልጅ ፈትሒያ ነበረች። አንድ ቀን እጇን አወጣችና «ሸኻችን፣ የወራሾቹ ድርሻ ተደምሮ ከንብረቱ ቢበልጥስ?» አለች። ሸሁን ከደስታቸው ብዛት ዓይናቸውን እንባ ሞላው። ይህ ጥያቄ ስንት ዓመት የቀራ ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ፣ ጥያቄ እንጂ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ አልነበረም። እዚያው ስለ ዐውል ነገሯቸው፦ ንብረት ስለማይጨምር፣ የሁሉም ድርሻ በየልኩ ይቀነሳል። ግማሽና ሁለት ሦስተኛ የሚገባቸው ወራሾች ቢመጡ፣ ንብረቱ ሰባት ቦታ ይከፈላል፤ ሦስቱን እጅ ባለ ግማሹ፣ አራቱን እጅ ባለ ሁለት ሦስተኛዎቹ ይወስዳሉ። በበረንዳው የነበሩት ዘጠኝ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ይህን እንደ ውሃ ጠጡት።

የዓመቱ ፈተና ደረሰ። ከፈተናው በኋላ ባለው ዓርብ ሸሁ ከዓስር ሶላት ወጥተው ቢያዩ፣ ከምንጣፉ ላይ ዘጠኝ ልጆች ጎድለዋል። ጥቂት ቆይታ የፈትሒያ እናት ሉባባ፣ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ወረቀት እየፈታች መጣች።

«ሸኻችን፣ ልጄ ኮረጀች ተባለች» አለች። «ዘጠኙንም ዛሬ በባንዲራ ሰልፍ ላይ አቆሟቸው። ሰኞ ውሳኔ አለ፤ ክፍል ይደግማሉ ነው የሚባለው። አባቷ ደግሞ ‹ከደገመች አክስቷ ቤት ገብታ ታገልግል እንጂ ከእንግዲህ ትምህርት የለም› ብሎ ማለ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ።»

ሸሁ ወረቀቱን አዩ። ጥያቄው፣ ግማሽና ሁለት ሦስተኛ ሲደመሩ ስንት ነው ይላል። የፈትሒያ መልስ «አንድ ሙሉ። ሰባት ቦታ ይከፈላል፤ ሦስት ለአንዱ፣ አራት ለሌላው» ይላል። መምህሩ በቀይ አክብበውታል።

«ማሻአላህ፣ ትክክል ነው እኮ!» አሉ ሸሁ ቀድመው። ከዚያ እንደገና አነበቡት። በወረቀቱ ላይ የሞተ ሰው የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር ደግሞ ከአንድ ሙሉ ቢበልጥ የሚከለክለው የለም። መልሱ አንድ ከአንድ ስድስተኛ ነበር። ዘጠኙም ያንኑ እንግዳ መልስ በመጻፋቸው ተኮራርጀው ነው ተባለ። ሸህ ሙስባህ ስህተቱ የማን እንደሆነ ያኔ ገባቸው፤ ወረቀቱን እንደያዙ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«ማን እንዳስተማራቸው አልተናገሩም?»

«መምህሩ ደጋግመው ጠየቋቸው። ከአንዳቸውም አፍ ቃል አልወጣም።»

ነገሩን የሰሙት የመስጂዱ ሽማግሌ ሐጂ ጀውሃር ቅዳሜ ሸሁ ቤት መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር የሚያርቁ ሰው ነበሩ። «ሸህ ሙስባህ፣ እንዳይሄዱ» አሉ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። እርስዎ በድርሻ ተሳሳቱ ከተባለ፣ ያስታረቋቸው ሁሉ ክሳቸውን ይቀሰቅሳሉ። ለርዕሰ መምህሩ በጓሮ አስነግራለሁ፤ ነገሩ ተድበስብሶ ይቀራል።»

«የልጆቹስ ስም፣ ሐጂ?»

«ልጆች ናቸው፤ ይረሱታል።»

«የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ በሐሰት ሌባ ያለኝን ሰው ስሙን ልንገርዎት?» አሉ ሸሁ።

ሰኞ ማለዳ ሸህ ሙስባህ ምርኩዛቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ሄዱ። የሒሳብ መምህሩ መምህር ወርቅነህ ይባላሉ፤ ጥብቅ፣ ግን ፍርድ የማያጎድሉ ሰው ናቸው። ሸሁ ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ አስረዷቸው። መምህሩ በጥሞና ሰሙና «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ፤ «ልጆቹን ለማዳን ብለው ጥፋቱን በራስዎ ላይ እየወሰዱ ቢሆንስ?»

«መጠርጠርህ ደግ ነው፤ መምህር እንዲህ ነው» አሉ ሸሁ። «እኔ መምጣቴን ሳታሳውቅ ለየብቻ አስቀምጣቸው። ሌላ ቁጥር ስጣቸው፤ እኔ አስተምሬያቸው የማላውቀውን።»

መምህር ወርቅነህ ልጆቹን አንድ በአንድ ባዶ ክፍል እያስገቡ፣ ግማሽና ሦስት አራተኛን ደምሩ አሏቸው፤ የፊተኛውን ስህተት ገና ማንም አላረመላቸውም ነበር። ዘጠኝ ወረቀት ይዘው ተመለሱና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የፈትሒያ፦ አምስት ቦታ ይከፈላል፤ ሁለት ለአንዱ፣ ሦስት ለሌላው። የሁለተኛው ልጅም እንዲሁ። የሦስተኛውም። ዘጠኙም፣ ማንም ከማንም ሳያይ፣ አንድ ዓይነት ተሳስተው አረፉት! መምህሩ በሳቅ ፈነዱ። ሸሁም ሳቁ፤ እንባቸው ግን ጺማቸው ላይ ወርዶ ነበር። በዚያች ሰዓት በዚያ ስህተት የኮሩትን ያህል በትክክለኛ መልስ ኮርተው አያውቁም።

«አልኮረጁም» አሉ መምህር ወርቅነህ። «ጥያቄውን ስተዋል፣ ነጥቡን ያጣሉ፤ በሌላው ግን ዘጠኙም በደንብ አልፈዋል። ክሱን እሰርዛለሁ። እርስዎ በሰላም ይግቡ።»

«አይሆንም፣ ልጄ። ስማቸው የጠፋው በሰልፍ ፊት ነው፤ በቢሮ አይመለስም።»

ወጡና ተማሪው በተሰለፈበት ከባንዲራው ሥር ቆሙ። ውሳኔውን ለመስማት አጥሩን ተጠግተው የሚያዩ ወላጆች ነበሩ፤ ሙዘሚልም የሸክም ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ከመካከላቸው ነበር። ሸሁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እነዚህ ልጆች ከማንም አልኮረጁም» አሉ። «የጻፉት እኔ ሙስባህ ያስተማርኳቸውን ነው። የሚራስን ሕግ ከቁጥር ሕግ ሳልለይ ነገርኳቸው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ የተማሩትን በታማኝነት መለሱ።»

መምህር ወርቅነህ ወደ ፈትሒያ ዞረው «ስጠይቅሽ ለምን አልተናገርሽም?» አሏት። አንገቷን ደፍታ «ሸኻችን ተሳሳቱ እንዳይባሉ» አለች። ሙዘሚል ይህን ሲሰማ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ከዚያች ቀን በኋላ ስለ አክስቷ ቤት ያነሳ የለም።

በማግስቱ ከዓስር በኋላ መምህር ወርቅነህ ጫማቸውን አውልቀው በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ ሸሁ ለምነዋቸው ነው የመጡት። ከአንድ ሙሉ የሚበልጠውን ክፍልፋይ እሳቸው አስተማሩ። ሸህ ሙስባህ ከዘጠኙ ልጆች ኋላ፣ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ፣ እርሳስ ይዘው ተማሩ። አንዴ ሲስቱ ፈትሒያ ፈራ ተባ እያለች አረመቻቸው፤ እሳቸውም «ባረከላሁ ፊኪ፣ አላህ ይባርክሽ» ብለው አስተካከሉ።

ሐጂ ጀውሃር የፈሩትም ደረሰ። በዚያው ወር ከሩቅ አገር ሁለት ወንድማማቾች ለውርስ መጡ። ታናሹ መንገድ ላይ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ «እኒህ እኮ በድርሻ ተሳስተዋል የተባሉት ናቸው» ብሎ አንገራገረ። ታላቁ ግን «ማን ነው የተናገረባቸው?» ሲል ጠየቀ። «ራሳቸው» አለው። «እንግዲያው ግባ፤ የራሱን ያልደበቀ የእኛን አይደብቅም» አለና እጁን ይዞ አስገባው።

ሸሁ ዘጠኙን ልጆች የመከሯቸው ምክር ግን አጭር ነበር፦ «ነውሬን ሸፍኑልኝ፣ አላህ የእናንተን ይሸፍን። ስህተቴን ግን አትሸፍኑልኝ፤ ነውሬ ከእኔ ጋር ይቀበራል፣ ስህተቴ ግን በእናንተ አፍ ይኖራል።»

እኛ ለአላህ ብለን አንድ ሰዓት ያስተማርን እንደሆነ፣ የሚያርመን ሲመጣ «በነጻ ነው እኮ!» ብለን እንቆጣለን። ለአላህ የሰጡት ነገር ለገበያ ከሚያወጡት ይበልጥ መጣራት እንዳለበት እንረሳለን። ሸህ ሙስባህ አልረሱም። ልጆቹም የሚኮራባቸው ነበሩ፤ የተሸካሚና የልብስ አጣቢ ልጆች ለመምህራቸው ክብር ሲሉ ኮራጅ መባልን ችለው ዝም አሉ። እሳቸው ደግሞ ለልጆቹ ስም ሲሉ በሚራስ ያተረፉትን የአርባ ዓመት ስማቸውን ይዘው ሰልፍ ፊት ቆሙ። አደብን ማን ለማን እንዳስተማረ እኔ መለየት አቅቶኛል፤ በዚያ በረንዳ ላይ ብማር ኖሮ ግን መማሬን እስከ ዛሬ አንገቴን ቀና አድርጌ እናገረው ነበር።